ግራ ጉንጭ ከዱባይ፣ ቀኝ ጉንጭ ከገበያ

ሙሽራዋን ሰኞ ማለዳ በጋቢ ሸፍነው ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ሲያስገቧት ምክትል ኢንስፔክተር ዓለምነህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋቢው ሲገለጥ ያየውን ዓይነት ፊት፣ ጠጉሩ በሸበተበት የፖሊስነት ዘመኑ ሁሉ አይቶ አያውቅም። የዓይኖቿ ቆቦች እንደ ቡኮ ኩፍ ብለው ተገጥመዋል። ግንባሯና የአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ የፈላ ውሃ እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። የጥር ፀሐይ ፊት ለፊቷ ቦግ ብላለች።

«ነጋ?» አለች ፀደይ።

ያንድ ሌሊት ባሏ ማርቆስ ጋቢውን መልሶ ሸፈነላት። አጀቡ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ማን ነው የኳላት?» አለ ወንድሟ ተስፋሁን። ተስፋሁን ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ የመጣ ገበሬ ነው። እህቱን አጅቦ እስቴ ድረስ ሲመጣ ጠመንጃውን የያዘው ለጭፈራው ማድመቂያ ነበር። አሁን ግን አያያዙ ተለወጠ።

«ሐረገ ወይን ናት፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ገበያው ላይ ሳሎን ያላት» አለ አንዱ።

«እግዜር ይስማኝ! የእህቴ ዓይን ካልበራ ያቺ ሴት ጀንበር አታይም!»

ዓለምነህ ቃሉን ሰማ። በዚያ አገር ወንድ በሰው ፊት እንዲህ ብሎ ከማለ በኋላ ዝም ብሎ ወደ እርሻው አይመለስም። ገበያ ላይ ማን ያቆመዋል? ዓለምነህ ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ከተማው ሮጠ። ሮጠ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ጉልበቱ ከሹመቱ ቀድሞ ያረጀ ሰው ነው።

ተስፋሁን ግን በወጣት እግሩ ቀድሞታል። የሳሎኑ መስታወት በሰደፍ ሲረግፍ ዓለምነህ ደረሰ። ተስፋሁንን ሁለት ኮንስታብሎች ወገቡን አቅፈው ወደ ኋላ ጎተቱት። ሐረገ ወይን ውስጥ፣ ከፀጉር ማድረቂያው ሥር ተኮራምታ፣ የትንሿን ልጇን ራስ ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ነበር።

«ተነሽ» አላት።

«ሊያስሩኝ ነው ሊያድኑኝ?»

«ሁለቱም ነው። ተነሽ።»

ልጅቱን ለጎረቤት አስረክባ፣ የዓለምነህን የዝናብ ካፖርት ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተከናንባ በጓሮ በር ወጣች። ከፊት ለፊት ድንጋይ የያዘው ሰው ሁሉ፣ ትናንት «አንቺ ካልኳልሻት ማን ሊኩላት!» ሲል የነበረ ሰው ነው። ሰው እንዲህ ነው። ዓለምነህ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሚለው ነበረው፤ የሚሰማው አላገኘም እንጂ።

ሳሎኑ ሲፈተሽ፣ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ጥቁር ሳጥን ተገኘ። ሳጥኑን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የሙሽራው እህት መሰረት ከዱባይ ያመጣችው መኳኳያ ነው። በጥሎሹ ዕለት፣ ከቀሚሱና ከወርቁ ቀጥሎ፣ በአጋፋሪው እጅ ከፍ ብሎ «ይህ ደግሞ የሙሽሪት ፊት ማሳመሪያ፣ ባሕር የተሻገረ!» ተብሎ ታውጆለታል። ሽማግሌዎቹም እየተቀባበሉ አሽትተውት፣ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «ያማረ ነው፣ የተባረከ ይሁን» ብለዋል። ይኸው ሳጥን ነው አሁን ከሐረገ ወይን መሳቢያ፣ ከሞላ ጎደል ሳይነካ የወጣው።

«ጋሽ ዓለምነህ፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው» አለ ኮማንደሩ። ዕድሜው ከዓለምነህ የበኩር ልጅ አይበልጥም። «ውዱን ለራሷ አስቀርታ ርካሹን ቀባቻት። ርካሹ ፊቷን በላው። ነገ ጧት ፍርድ ቤት ትቅረብ።»

«ምን እንዳቃጠላት ሐኪሙ ገና አልተናገረም እኮ።»

«ርካሽ ሜካፕ መሆኑን ሠርጉ ላይ ያላየ የለም። እኔም ነበርኩ። ያስታውቃል!»

ያስታውቃል። ዓለምነህ ይህን ቃል ያውቀዋል። ሹመት በመጣ ቁጥር የሚያንገዋልለው ይኸው ቃል ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ከባለዲግሪ ጎን ሲቆም ያስታውቃል። ሪፖርት ሲጽፍ ያስታውቃል። ሌባው ከተያዘ በኋላ ግን ማን እንደያዘው አያስታውቅም።

«እስከ ነገ ጧት ይስጡኝ» አለ።

«ይሞክሩ» አለ ኮማንደሩ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሐረገ ወይን ከማረፊያ ክፍሉ ስትመጣ ካፖርቱን አጥፋ መለሰችለት።

«የዱባዩን ለምን አልቀባሻትም?» አላት።

«አልሆናትም።»

«ጫማ ነው እንዴ የሚሆናትና የማይሆናት?»

«የፊት ቀለምም ልክ አለው፣ ጌታዬ። ያ ሳጥን ለቀይ ሴት የተሠራ ነው። ፀደይ ጠይም ናት። አገጯ ላይ ትንሽ ብሞክረው አመድ ላይ የተንከባለለች አህያ አስመሰላት። ጠረግሁትና የራሴን፣ ከገበያ የምገዛውን፣ ሁለቱን ቀለም ደባልቄ ቀባኋት።»

«ታዲያ መሰረትን አትነግሪያትም?»

«ምን ብዬ? 'ባሕር ያሻገርሽው ዕቃ አይረባም' ልበላት? የነገረኛ ዘመድ ሠርግ ላይ? ፀደይ ራሷ ናት 'ዝም በይ ሐረግዬ፣ እህቱ ከወዲሁ እንዳትጠላኝ' ያለችኝ። ሠርጉ ሲያልፍ በስውር ልመልስላት ነበር።»

«ሰውስ አላወቀም?»

ሐረገ ወይን ከተያዘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «መሰረት የሙሽራዋን አገጭ ይዛ 'ይኸው! የዱባይ ዕቃ እንዲህ ነው!' እያለች ስታዞራት ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ ሳቄን ዋጥሁት። ሚዜዋን ዓለምዬንም በዚያው ብሩሽ፣ በዚያው ቀለም ነው የኳልኋት። ሄደው ይዩዋት፤ ፊቷ እንደ ዕንቁላል ነው።»

«ለሙሽራዋ ሌላ ነገር ጨምረሽ እንደሁስ?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ልጅ አለችኝ» አለች።

ከሰዓት በፊት ሆስፒታል ተመለሰ። ፀደይ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ተኝታለች። የሐረገ ወይንን ቃል አንድም ሳታጓድል ደገመችለት፤ መጨረሻ ላይም «እሷን እንዳይነኩብኝ» አለችው። ሐኪሙ በረንዳው ላይ ጠራው።

«የሚያቃጥል ነገር ነው የነካት። ሜካፕ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ምንነቱን ካላወቅሁ ዓይኗ ይተርፋል ወይም አይተርፍም ብዬ ደፍሬ ልነግርዎት አልችልም።»

«ከንፈሯ ግን ደኅና ነው» አለ ዓለምነህ።

«አዎ፣ ከንፈሯም አንገቷም ምንም አልሆኑም።»

ሴት ልጅ ስትኳል አንገቷ ድረስ ትቀባለች፤ ከንፈሯ ላይም ከሁሉ ይበረታል። ያ ሁሉ ደኅና ሆኖ፣ ግንባርና ዓይን ብቻ? ዓለምነህ ነገሩን ልቡ ውስጥ አስቀመጠና ወደ ሙሽራው አባት ቤት መንገድ ጀመረ።

አቶ ጸጋዬ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሁለት ወገን ቁልቋል በታጠረ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ዓለምነህ ያንን መንገድ አይወደውም። ድሮ፣ ገና ኮንስታብል ሳለ፣ እኚህ ሰው ክርስትና ሲደግሱ ጥበቃ ታዞ ነበር። «ለዘበኛና ለፖሊስ በጓሮ ስጧቸው» ያሉትን ድምፅ ዛሬም ከነቃናው ያስታውሰዋል። እሳቸው ረስተውታል። መቼም የሚሰድብ ይረሳል።

አንዱ የቁልቋል ቅርንጫፍ በቅርቡ ተቆርጦ፣ ወተቱ ጉቶው ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል። ዓለምነህ ዩኒፎርሙ እንዳይነካ ጎኑን ሰብስቦ አለፈ።

ዳሱ አልፈረሰም፤ ድግሱ ግን ቀዝቅዟል። መሰረት ወንበር ሳትሰጠው ጀመረች።

«ያስታውቅ ነበር! ኖራ የተመረገ ግድግዳ ነበር የምትመስለው!»

«መቼ አወቅሽ?»

«ገና ከመኪና ስትወርድ።»

«ታዲያ ምነው አገጯን ይዘሽ 'የዱባይ ዕቃ እንዲህ ነው' አልሽ?»

«በሰው ፊት ላዋርዳት ኖሮ?»

«ሙሽራዋን ትወጃታለሽ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሳጥኑን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ዕቃ ይበላሻል፤ ሰውም ያበላሸዋል። አገጯ ላይ ተሞክሮ ነበር።»

«አንተ ፖሊስ!» አሉ አቶ ጸጋዬ ከማዕዘኑ። «ማን ነበር ስምህ? ልጄን ነው የምትጠረጥር?»

«ዓለምነህ እባላለሁ፣ አያ ጸጋዬ። የምጠረጥረው ሁሉንም ነው።»

ሲወጣ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጠጅ ጣፈጠው። ጥፋቱ ከሳጥኑ ቢሆንስ? ያ ሁሉ የወርቅ ፊደል፣ ያ ሁሉ «ባሕር የተሻገረ» መርዝ ሆኖ ቢገኝስ? አገጯ ደኅና መሆኑን አይቷል፤ ግን ያየውን ማየት አልፈለገም። ቂም እንዲህ ያደርጋል።

ጣቢያው ግቢ ሲደርስ ሐረገ ወይንን አስወጣት። ሁለቱን መኳኳያ፣ የዱባዩንም የገበያውንም፣ ጠረጴዛ ላይ አስደረደረ። ሚዜዋ ዓለምዬም ለሐረገ ወይን ምሳ ይዛ መጥታ ነበር።

«በኔ ፊት ይሞከር» አለች ዓለምዬ ቀድማ። «ሐረግን አምናታለሁ።»

«አንቺ ገና ታገቢያለሽ» አለ ዓለምነህ። ቆቡን አውልቆ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ግራ ጉንጬን በዱባዩ፣ ቀኝ ጉንጬን በገበያው ቀቢ። ዓይኔ ሥር ድረስ። እኔ እንደ ፀደይ ጠይም አይደለሁም፤ እያንዳንዱን ለኔ መልክ በሚስማማው ደባልቂው።»

ሐረገ ወይን ብሩሹን መልሳ አስቀመጠች። «ቀልድ ነው?»

«ቀልድ የማውቅ ብሆን እስካሁን ኮማንደር ነበርኩ።»

ኮንስታብሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱማ «ጢምዎንስ በየትኛው ወገን ይመደብልዎ?» ብሎ ሮጠ። ሐረገ ወይን ግን አልሳቀችም። ሕይወቷ በብሩሹ ጫፍ ላይ መሆኑን ታውቃለች። ከሳጥኑ ሦስት ዓይነት ቀለም አውጥታ እጇ ጀርባ ላይ ደባለቀች፤ ከገበያውም እንዲሁ። አጠገብ ለአጠገብ እያመዛዘነች፣ አንገቷን እያዘመመች፣ ቀባችው።

መሰረት ተጠርታ መጣች። ዓለምነህን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያስታውቃል ብለሻል» አላት። «በይ አስታውቂ። የትኛው ጉንጬ ነው የዱባይ?»

መሰረት ቀረበች። ራቀች። ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው፤ ወደ ጥላም መለሰችው። ኮማንደሩም ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጥቶ ነበርና አብሮ ያይ ጀመር።

«ቀኙ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልስላሴው እኮ ይለያል።»

«አዎ ቀኙ ነው» አለ ኮማንደሩ። «ጥራት አለው።»

«ቀኙ ከገበያ ነው» አለ ዓለምነህ።

ኮማንደሩ ስልኩ የጠራ አስመስሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። መሰረት ግን ልበ ሙሉ ልጅ ናትና አልሸሸችም፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ራሴ ከዚያ ሳጥን ተቀብቼ አላውቅም። ዱባይ ያሠሩኝ እመቤት ነበሩ የሚቀቡት። እኔ የማውቀው ሳጥኑን መጥረግ ነው። ሠርጉ ላይ ፀደይን ሳያት፣ እመቤቴን አክላ አማረችብኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ፊቷ ሲያብጥ... ከኔ ራስ ለማውረድ ነው 'ያስታውቅ ነበር' ያልኩ።»

እሷም እንደ ዓለምነህ ከጓሮ የበላች ኖራለች።

ማታ ፊቱን ሳይታጠብ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ በፋኖሱ አየችውና ማማተብ ጀመረች። «በስተርጅና ሙሽራ ሆንክብኝ?»

«ሥራ ነው።»

«ደሞዝ ጨመሩልህ እንዴ ለዚህ?»

እንደተቀባ ተኛ። እውነቱን ለመናገር፣ ግራ ጉንጩ እንዲያብጥለት ጥቂት ሳይመኝ አልቀረም፤ ግራው ካበጠ ሐረገ ወይን ነፃ ትወጣለች፣ የአቶ ጸጋዬም ቤት አንገቱን ይደፋል። ጧት መስተዋት ሲያይ ግራውም ቀኙም እንደነበሩ ናቸው። ውዱም ንጹሕ ነው፤ ርካሹም ንጹሕ ነው። ሐረገ ወይን ግን አሁንም እስር ቤት ናት፤ ተስፋሁንም በሽማግሌ ዋስ ከተለቀቀ ወዲህ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠመንጃውን አስደግፎ ተቀምጧል።

ጣቢያው ሲደርስ ፀሐይዋ በርትታ ነበር። ያልታጠበው ቀለም ከላብ ጋር ወደ አንገቱ መውረድ ጀመረ። ዓለምዬ ቁርስ ይዛ መጥታ ስታየው ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ወይ ጋሼ! ሚዜ የለዎትም እንዴ የሚጠርግልዎት? ፀደይ እንኳ ሲያልባት ይበልጣል ነበር በመሐረቡ የሚያደርቅላት።»

ዓለምነህ ወደ ፊቱ የሰደደውን እጁን አቆመ። «ይበልጣል ማን ነው?»

«የፊት ሚዜው ነዋ፤ የማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ። ዳስ ውስጥ ሙቀቱ አይጣል ነበር። እሱ ደግሞ ከጎኗ አይጠፋም፤ ግንባሯን፣ ዓይኗ ሥር፣ አፍንጫዋን እንዲህ እንዲህ እያደረገ...»

«ከንፈሯንስ?»

«ሊፕስቲኳ ይበላሽ? አልፈቀድኩለትም! አንገቷንም ሻሹ ሸፍኖት ነበር።»

ዓለምነህ ቁርሱን የያዘውን ሳህን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ለምን እንዳስቀመጠው እሱም አላወቀም። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ገሰገሰ።

ይበልጣል ከማርቆስ ጎን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው። እንደ ደንቡ፣ ሚዜ ሙሽሮቹን ጥሎ አይሄድም፤ የሠርጉን ሱፍ እንኳ አላወለቀም። ረጅም፣ ገራም ፊት ያለው የባንክ ሠራተኛ ነው። ጭኑን በሱሪው ላይ ያክካል።

«ምን ሆነህ ነው የምታክከው?»

«ቁንጫ መሰለኝ» አለ እያፈረ። «ከእሑድ ጀምሮ ነው።»

«በኪስህ በኩል ነው?»

«አዎ... እንዴት አወቁ?»

«እሑድ የያዝከውን መሐረብ አውጣ። በጫፉ ያዘው፤ ወደ ፊትህ እንዳታስጠጋው።»

መሐረቡ ወጣ። ነጭ ነው፤ አንዱ ጥጉ ግን ሙጫ እንደተቀባ ደርቆ ተጨማዷል።

«የሙሽራዋን ፊት ከመጥረግህ በፊት ምን ጠርገህበት ነበር?»

ይበልጣል ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። «ምንም... ቆይ። መኪናዋ! አያ ጸጋዬ ቤት ስንደርስ መንገዱ ጠቦ ሊሞዚኗ አላልፍ አለች። ሾፌሩ 'ቅርንጫፉ ቀለሜን ይፍቀዋል፣ ወደ ኋላ ልመለስ' አለ። ሰዉ ሁሉ ጮኸበት። ሙሽራ የያዘ መኪና ወደ ኋላ አይሄድም፤ ገድ አይደለም፣ ትዳሩ ይመለሳል ተባለ። በእግሯም አትወርድም አሉ። ታዲያ ሚዜ ለመቼ ነው? ገጀራ ተቀብዬ ቅርንጫፉን ቆረጥኩት። ዘፈኑ ደመቀ። ከዚያ ወተት የመሰለ ነገር እጄንና እጅጌዬን ረጨኝ...»

«በመሐረቡ ጠረግኸው።»

«እጄን በኋላ በሳሙና ታጠብኩ። መሐረቡን ግን...» ቆመ። መሐረቡን ከራሱ አራቀው። «ምንድን ነው ያ ነገር?»

«ቁልቋል ነው። ወተቱ ዓይን ያጠፋል። እዚህ አገር ልጅ እግር ሲያወጣ መጀመሪያ የሚነገረው ይኸ ነው።»

«አዲስ አበባ ነው ያደግሁት» አለ ይበልጣል። «ሰው ለቤቱ አጥር የሚተክለው ነገር... እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ያጠፋኋት?»

ዓለምነህ ጎትቶ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደው። ሐኪሙ መሐረቡን በመቆንጠጫ አንስቶ አየና ትከሻው ወረደ፤ የተሸከመውን ሰው እንዳወረደ።

«ቁልቋል! ለምን ሜካፕ ሜካፕ ትሉኛላችሁ?» አለ። «ይህን ብዙ ጊዜ አክሜዋለሁ። ሲነካ ወዲያው አያምም፤ አምሽቶ ይነሳል። የመጀመሪያው ሁለት ቀን ሰው ያስፈራል። እሷን ዛሬ ጧት በመብራት አይቻታለሁ፤ ብሌኗ አልቆሰለም። ካልቆሰለ ይመለሳል። እግዜር ያውቃል እንጂ፣ ይመለሳል።»

ዓለምነህ ግድግዳውን ተደገፈ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ተስፋሁን በር ላይ ነው።

«እኔ ልንገረው» አለ ዓለምነህ።

«አይሆንም» አለ ይበልጣል። «እጁ የኔ ነው።»

ወጥቶ ተስፋሁን ፊት ቆመ፤ አንድም ሳይደብቅ፣ መኪናውንም ገጀራውንም መሐረቡንም ነገረው። ዓለምነህ ከሁለቱ መሀል ለመግባት ግማሽ እርምጃ ቀርቶት ቆሟል። ተስፋሁን ጠመንጃውን ከግድግዳው አነሳ። ጭኑ ላይ አጋደመው።

«እሑድ ለት» አለ በመጨረሻ፣ «እህቴን ከቤት ስታወጣት እናቴ ፊት ተንበርክከህ ምን አልክ?»

«'ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት፣ እኔም ወንድሟ ነኝ' አልኩ።»

«ማን ነው ያስማለህ?»

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ ተስፋሁን። «እንግዲህ ወንድሟ ነህ። ወንድሜን ገድዬ የማንን ደም እመልሳለሁ? ቁጭ በል። ቁጭ በል፣ ሰው እንዳያይህ፤ ታለቅሳለህ።»

ሐረገ ወይን ያን ዕለት ሳይመሽ ተፈታች። ኮማንደሩ «ደኅና ሠርተዋል፣ ጋሽ ዓለምነህ» አለና ሪፖርቱን በመሥሪያ ቤቱ ስም ወደ ዞን ላከው። ዓለምነህ በሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት እህል አይወርድለትም ነበር። ያን ዕለት ግን ቤቱ ገብቶ ፊቱን ታጥቦ ተኛ። እንቅልፉም ጥሩ ነበር።

የፀደይ ፋሻ የሚፈታው ቅዳሜ ነበር። ዓለምነህ ማንም ሳይጠራው ሄደ። በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ፣ ተስፋሁን ከአንዲት ነጠላ ከተከናነበች ሴት አጠገብ ተቀምጧል። ሴትዮዋን ሲያያት ዓለምነህ ክው አለ። ሐረገ ወይን ናት። ተስፋሁን ጀንበር አታይም ብሎ የማለባትን ሴት መልክ፣ እስከዚያች ሰዓት በሠርጉ ግርግር እንኳ ለይቶ አይቶት አያውቅም። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ እየተንቀጠቀጠች ነው። ተነስታ እንዳትሄድ ደግሞ ጓደኛዋ ውስጥ አለች።

«በርዶሻል መሰለኝ፣ እቱ» ይላታል ተስፋሁን። ከኪሱ የጨርቅ ከረጢት አውጥቶ ቆሎ ዘገነላት። «እንኪ። የስማዳ ገብስ ነው፤ ሽምብራም አለበት። ታማሚ አለሽ?»

«አለችኝ» አለች።

«ምንሽ ናት?»

«ወዳጄ ናት።»

«እኔም እህቴ አለች። ዛሬ ዓይኗ ይፈታል። ጸልዪልኝ።»

«እየጸለይኩ ነው።»

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ግቡ አላቸው። ማርቆስ፣ ይበልጣል፣ መሰረት፣ ተስፋሁን ገቡ፤ ሐረገ ወይንም ከኋላ። ዓለምነህ በሩ ላይ ቆመ። ፋሻው ዙር በዙር ተፈታ። ፀደይ የዓይኗን ቆብ ስታነሳ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ እንባ ፈሰሰው። አጠበበችው። እንደገና ከፈተችው።

«ማንን ታያለሽ?» አላት ሐኪሙ።

«ማርቆስን። ጢሙን ያልተላጨ።» ማርቆስ ሳቀ ሊባል አይችልም፤ አለቀሰም አይባልም። «ተስፌን። ይበልጣልን፤ ምነው አቀርቅረህ ቆምክ? ቀና በል።» ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። «ውይ! ሐረግዬ! ፈቱሽ?»

ተስፋሁን ቀስ ብሎ ዞረ። ሐረገ ወይን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ቆሎው አሁንም ጭብጧ ውስጥ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የዓለምነህም እጅ ወደ ቀበቶው ሄደ። ከኪሱ የወጣው ግን የቆሎው ከረጢት ነው። ተስፋሁን ሁለት እጇን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ከረጢቱን አፉን ዘቅዝቆ እስከ መጨረሻው ገለበጠላት። ገብሱ ከመዳፏ ሞልቶ ወለሉ ላይ ተንኳኳ፤ ማንም ሊለቅመው አልጎነበሰም።